ማዝገም ወይስ አብሮ መዞር? ሁለቱ የኤም አሲስት ዓይነቶች

በኮንሶል የተኩስ ጌሞች ላይ «ኤም አሲስት አለው» (ጌሙ ራሱ ማነጣጠር ያግዛል ማለት ነው) ሲባል ብዙ ሰው አንድ ነገር ይመስለዋል። በዋናነት ግን ሁለት ናቸው፤ ጠባያቸውም ለየቅል ነው።

አንደኛው ያዘግማል። ማነጣጠሪያዋ ጠላት ላይ ስትደርስ ስቲኩ (በአውራ ጣት የሚገፋው የመቆጣጠሪያው ዘንግ) የሚያዞርበት ፍጥነት ይቀንሳል። በአውራ ጣት ለሚያነጣጥር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዒላማውን አልፎ መሄድ ይቀንስለታል። ሥራው ግን የእናንተው ነው። ጠላት ሲሮጥ ካልተከተላችሁት አመለጠ። ደግሞ አንዱን ለመምታት ስትዞሩ ሌላው በመሃል ካለፈ ማነጣጠሪያዋ እሱ ላይ ትንቀረፈፋለች። ያበሽቃል!

ሁለተኛው አብሮ ይዞራል። ጠላት ወደ ጎን ሲሄድ ካሜራውን በከፊል ይዞት ይከተለዋል። በብዙ ጌሞች የሚሠራው ስቲክ እየተነካ ሳለ ብቻ ነው። ጎበዝ ተጫዋቾች በቅርብ ውጊያ የግራውን ስቲክ ግራ ቀኝ ማለት የማይተዉት ጥይት ለመሸሽ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ጭቅጭቁም ያለው እዚህ ላይ ነው። የሰው ዓይንና እጅ ጠላት አቅጣጫ ሲቀይር ምላሽ ለመስጠት 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅባቸዋል። ጌሙ ግን ወዲያው ይከተላል። ስለዚህ የማውስ ተጫዋቾች በክሮስፕሌይ (የኮንሶልና የፒሲ ተጫዋቾች አብረው ሲገጥሙ) ቢያማርሩ አልፈርድባቸውም፤ ቢያንስ በቅርብ ርቀት። ከሩቅ ሲሆን ማውስ አሁንም ይበልጣል።

ብቻችሁን ታሪኩን ለምትጫወቱ ማዝገሙ ይበቃል። ከማውስ ጋር ከገጠማችሁ ግን አብሮ የሚዞረውን አታጥፉት።