የኤምኤክስ-5 ፍሪሲዮን ከተቀየረ ከወራት በኋላ፦ ጉዱ ያለው ታችኛው ፖምፔታ ላይ ነው

አዲስ ፍሪሲዮን (ክላች) የገባላት መኪና ወራት ሳትቆይ ፔዳሏ ወለል ላይ ተኝቶ ሲቀር ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው አዲሱ ዕቃ ላይ ነው። ጥፋተኛው ግን ያልተነካው ዕቃ ነው። የእኔ የ2000 ሞዴል ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ አሜሪካ ሚያታ የሚላት፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ፣ ሸራውን የሚጫነው ስፒንጂ ዲስክና የዲስኩን ምላሶች የሚገፋው ሬጂስፒንታ ተቀየረላት፤ ታችኛው ፖምፔታ፣ የፔዳሉን ግፊት በዘይት ተቀብሎ የሬጂስፒንታውን ሹካ የሚገፋው ትንሽ ሲሊንደር፣ «ይሄማ ደህና ነው» ተብሎ እንደነበረ ታሰረ። እውነትም ደህና ነበር፤ አሮጌው ሸራ እስካለ ድረስ።

ሸራ እየሳሳ ሲሄድ የስፒንጂ ዲስኩ ምላሶች ወደ ካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) እየተጠጉ ይመጣሉ። ሬጂስፒንታውን ወደ ኋላ ይገፉታል፣ ሹካው ደግሞ በሌላኛው ጫፉ የፖምፔታውን ፒስተን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ስለዚህ የፒስተኑ ጎሚኒ ዓመታት ሙሉ የሚመላለሰው ሲሊንደሩ ጥልቅ ውስጥ ነው፤ አፉ አካባቢ ያለው ግድግዳ እርጥበትና ቆሻሻ ይዞ ሲዝግ ይከርማል። አዲስ ሸራ ሲገባ ምላሶቹ ወደ ሞተሩ ይመለሳሉ፣ ፒስተኑ ወደ አፉ ይወጣል፣ ጎሚኒው በዛገው ላይ መፋቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው የጊዜ ጉዳይ ነው።

ምልክቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ፔዳሉ ይልማል፣ ፍሪሲዮኑ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ ይይዛል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አንደኛ ማርሽ አልገባም ይላል፣ ኋላ ማርሽ ይጮሃል። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲረግጡት ይስተካከላል፤ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው። የፍሪሲዮኑን ዘይት መያዣ ይክፈቱና ይዩ፤ ከቀነሰ ወይም እንደ ቡና ከጠቆረ፣ መኪናዋን አንስተው ከካምቢዮው ጎን ያለውን የፖምፔታ የላስቲክ ሽፋን ገለጥ ያድርጉ። እርጥብ ከሆነ አለቀለት። ፔዳሉ ሥር ጎንበስ ብሎ ፔዳሉ የሚገፋው የላይኛው ፖምፓ ዘንግ የሚገባበትንም መዳሰስ ነው። እዚያም እርጥብ ከሆነ ሁለቱም ይቀየራሉ። እኔ ብጠየቅ ደረቅም ቢሆን ሁለቱንም እቀይር ነበር፤ ታችኛው ብቻ ሲታደስ አሮጌው ላይኛው ብዙ ጊዜ አይቆይም።

መካኒኩ «ካምቢዮ ሳይወርድ የሚቀየር ዕቃ ስለሆነ ሲበላሽ ትመለሳለህ» ይል ይሆናል። የሚቀየረውማ በሁለት ብሎን ነው። ግን የዕቃው ዋጋ ካምቢዮ ለማውረድ ከሚከፈለው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፣ መኪናዋ ደግሞ የምትቆመው ጋራዥ በር ላይ ሳይሆን መንገድ መሀል ነው።

አየር ማስወጣቱም የራሱ ጣጣ አለው። ቱቦው ጥምዝ ስላለው አየር እዚያ ይደበቃል፤ ፔዳል በመርገጥ ብቻ አይወጣም። ፖምፔታውን ፈትቶ፣ ፒስተኑን በእጅ ቀስ አድርጎ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ መግፋት፣ አረፋው ወደ ላይኛው መያዣ እስኪወጣ መድገም፣ ከዚያ አስሮ እንደተለመደው መጨረስ። በዚያ መሀል ፔዳሉ አይረገጥም፤ ፒስተኑ ዘሎ ይወጣል። ዶት 3 ወይም ዶት 4 ዘይት፣ ግማሽ ሊትር ይበቃል። የሲሊኮኑ ዶት 5 እንዳይገባ።

አሁን ወደ ዕቃ ሻጩ። «ስፖርት መኪና ነች፣ ስቴጅ 2 አስገባላት» ይላል፤ ከፋብሪካው የጠነከረ የእሽቅድምድም ዓይነት ፍሪሲዮን ማለቱ ነው። ለምን? 140 ፈረስ ጉልበት ላላት መኪና የፋብሪካው 215 ሚሊሜትር ሸራ ከበቂ በላይ ነው። ጠንካራ ስፒንጂ ዲስክ ማለት ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ፖምፔታው ላይ ተጨማሪ ጫና፣ የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የግፊት ብሮንዚና ላይም ተጨማሪ ጫና ነው። አብሮት የሚመጣው የሴራሚክ ሸራ ደግሞ ትራፊክ ውስጥ መኪናዋን ያንዘፈዝፋታል። ቱርቦ ለሌላት መኪና ትርፉ የግራ እግር ጡንቻ ነው። የፋብሪካውን ዓይነት ሸራ በማስገባቴ ቅንጣት አልጸጸትም።

ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ግን ሸራው የሚጫንበት ቮላኖ ይላግ፣ መሀሉ ላይ ያለው ትንሽ ኩሽኔታ ይቀየር፣ ከኋላው ያለው የኮሎ ፓራኦሊዮ (የዘይት መከልከያ ጎሚኒ) ይታይ፤ ዘይት ካላበው አዲሱን ሸራ ያበላሸዋል። የቮላኖው ብሎኖች ከ96 እስከ 103 ኒውተን ሜትር፣ የስፒንጂ ዲስኩ ከ18 እስከ 26፤ እነዚህ ተራ በተራ በሰያፍ ይጠብቃሉ። ለካምቢዮው ሁለት ሊትር 75ደብሊው-90 ጂኤል-4።

ብዙ ጋራዥ የሚስተው ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን የሚያያይዘውን ረጅም የአሉሚኒየም ክፈፍ ነው። ካምቢዮው ጭራው እንደተንጠለጠለ ክፈፉ ከታሰረ የትራስሚሲዮኑ (ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ) ማዕዘን ይዛባል፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ንዝረቱ ወንበር ድረስ ይሰማል። ጭራውን በክሪክ ደግፎ፣ ልኬቱን አስተካክሎ፣ ከ104 እስከ 124 ኒውተን ሜትር ማጥበቅ ነው።

ከፍሪሲዮኑ ሌላ የተቀየሩት አሞርዛተሮች ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ኮኒ የሚባሉት ቢጫዎቹ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ጥንካሬያቸውም ከላይ ይስተካከላል። ልዩነቱን ያመጣው ግን ዘንጉ ላይ የሚገባው የስፖንጅ መቆሚያ ነው። አሮጌው ተፈርፍሮ አልቆ ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ብረት ከብረት የሚጋጭ የሚመስለው ድምፅ ከዚያ ነው። ሞላ ለውጦ አራት ሴንቲ ዝቅ የሚያደርጋት ሰው አጠር ያለ መቆሚያ ካላስገባ መኪናዋ የምትሄደው በሞላው ሳይሆን በስፖንጁ ላይ ነው።

ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዙትን የብራቾዎች ጎሚኒ የሚይዙት ብሎኖች መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ክብደቷን ስትጥል ነው መጥበቅ ያለባቸው። አየር ላይ እንዳለች ከጠበቁ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። እንደ አሜሪካዋ ሜሪላንድ ባለ በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር ደግሞ የታችኛው ብራቾ ማስተካከያ ብሎኖች ከጎሚኒው ውስጥ ካለው የብረት ቱቦ ጋር በዝገት ይጣበቃሉ፤ ያኔ መጋዝ ነው መፍትሔው፣ አዲሱ ሲገባ ግራሶ ይቀባል። እነሱ ካልዞሩ አላይመንት የለም። ለከተማ ካምበሩ (የጎማው ወደ ውስጥ ማዘንበል) ፊት −1፣ ኋላ −1.5 ዲግሪ ገደማ ይበቃታል። አላይመንት ቤቱ «ሁሉም አረንጓዴ ነው» ቢልም ወረቀቱን ተቀብሎ የግራና የቀኙን ቁጥር ማስተያየት ነው፤ የፋብሪካው ክልል ሰፊ ስለሆነ ሁለቱ ጎኖች ተለያይተውም አረንጓዴ ሊበራ ይችላል፣ መኪናዋ ግን ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች።