ቦርበን ካውንቲ ስታውት፦ ብርዱ ሲለቀው የሚከፈት ጥቁር ቢራ

ቦርበን ካውንቲ የተባለውን ስታውት ብርዱ ሳይለቀው ጠጥቶ «ሰው ለዚህ ነው ወረፋ የሚይዘው?» የሚል ቢያጋጥመኝ አልፈርድበትም። እኔም መጀመሪያ የቀመስኩት አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣ በወጣበት ቅጽበት፣ ውርጭ በለበሰ ብርጭቆ ቀርቦልኝ ስለነበር ከጥብስ ምሬትና ከአልኮል ማቃጠል በቀር የተረፈኝ ነገር አልነበረም። ቦርበን የተባለው የአሜሪካ ውስኪ በነበረበት በርሜል ውስጥ የሚቆየው ይህ ቢራ ከቺካጎው ጉዝ አይላንድ ጠማቂ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከአሜሪካውያን የምስጋና ቀን ማግስት ባለው አርብ የሚወጣ በመሆኑ ሁለተኛ ዕድል ለመስጠት መጠበቅ ግድ ሆነብኝ።

በዚህኛው ጊዜ ከሦስት ወዳጆቼ ጋር ተቀምጠን ሁለት ጠርሙሶችን ጎን ለጎን ቀመስን፤ አንዱ አዲስ የወጣ፣ ሌላው በጨለማና ቀዝቃዛ ስፍራ አራት ዓመት የቆየ ነበር። ከማቀዝቀዣ አውጥተን ጥቂት ካቆየናቸው በኋላ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ባለ ብርጭቆ ሩብ ሩብ ጠርሙስ ተቀዳድተን ከሁለት ሰዓት በላይ አብረናቸው ቆየን።

አዲሱ ሲቀዳ ድምፅ የለውም። ወፍራምና ዝግ ብሎ የሚወርድ ነው፤ አረፋው የጥቁር ቸኮሌት መልክ ይዞ ጥቂት ከፍ ይልና ደቂቃ ሳይሞላው ይከስማል። ብርጭቆውን ዞር ዞር ሳደርገው ፈሳሹ ግድግዳው ላይ ቡናማ ጥላ ትቶ ቀስ እያለ ተመለሰ። መብራት ፊት ብይዘውም ብርሃን ያለፈው ከጠርዙ ላይ በታየች፣ ክር በምታህል ቀይ መስመር ብቻ ነበር።

በቴርሞሜትር ስለካው 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሳለ ሽታው ከሞላ ጎደል ዝግ ነበር፤ የተጠበሰው ገብስ ምሬትና ጠንካራ ቡና የሚመስል ጣዕም ብቻ ይቀድማል። ወደ 13 ዲግሪ ሲጠጋ መጀመሪያ ቫኒላ፣ ቀጥሎ ኮኮናት፣ ከዚያም የዘቢብና የደረቀ ፕሪም ጣፋጭነት ተራ በተራ መጡ። ከ15 ዲግሪ ካለፈ በኋላ የተቃጠለ ስኳርና የቦርበን ውስኪው ራሱ ጎልተው ወጡ፤ የአልኮሉ ሙቀትም ጉሮሮን መንከሱን ትቶ ደረት ላይ የሚያርፍ ሆነ። ነገሩ ተአምር አይደለም፤ መዓዛ የሚሰጡት ውሁዶች በቅዝቃዜ በደንብ ስለማይተኑ አፍንጫ አያገኛቸውም፣ ቅዝቃዜ ደግሞ የምላስን የጣፋጭነት ስሜት ያደበዝዛል።

ቫኒላውንና ኮኮናቱን በመደበኛው ቦርበን ካውንቲ ውስጥ የሚጨምራቸው የለም፤ ከኦክ እንጨቱ የመጡ ናቸው። በአሜሪካ ሕግ ቦርበን ተብሎ የሚሸጥ ውስኪ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ ዕቃ ውስጥ መቆየት አለበትና፣ 200 ሊትር ገደማ የሚይዘው በርሜል አንዴ ካገለገለ በኋላ ለቦርበን አይደገምም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጉዝ አይላንድ ጠማቂ የነበረው ግሬግ ሆል ጂም ቢም ከተባለው የቦርበን አምራች የውስኪ ባለሙያ ከቡከር ኖ ጋር ከተዋወቀ በኋላ ያገኛቸውና በጠንካራ ስታውት የሞላቸው ባዶ በርሜሎችም እንዲህ ያሉ ነበሩ። ቢራው በርሜል ውስጥ ወራት ሲቆይ በሙቀቱ ጊዜ እየሰፋ ወደ እንጨቱ ይገባል፤ በብርዱ ጊዜ ተኮማትሮ ይወጣል፤ በዚህ መመላለስ ውስኪውንም እንጨቱንም ይዞ ይመለሳል። ግዙፉ የቢራ ኩባንያ አንሃይዘር ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2011 ጉዝ አይላንድን ሲገዛ ይህ ጥንቃቄ ይጠፋል ብለው የሰጉ ብዙዎች ነበሩ፤ እኔ በብርጭቆዬ ያገኘሁት ግን ስጋቱን የሚደግፍ አልነበረም።

አራት ዓመት የቆየው ጠርሙስ የጠበቅሁትን ያህል አላስደሰተኝም። ምሬቱ ለስልሷል፣ ጣዕሞቹም ተዋህደዋል፤ ነገር ግን ቫኒላው ሸሽቶ በቦታው ሶያ ሶስና ያረጀ ጣፋጭ ወይን የሚመስል ነገር ገብቶበታል፣ ጋዙም ደክሟል። ከወዳጆቼ አንዱ ይህንኑ ለስላሳነት ከአዲሱ አስበልጦ ወደደው፤ ምርጫውን አከብራለሁ። አሮጌ ጠርሙስ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን እ.ኤ.አ. የ2015 ምርት ከፊሉ በባክቴሪያ ምክንያት ኮምጥጦ ኩባንያው ለገዢዎች ገንዘብ መመለሱን፣ ከ2016 ወዲህም ቢራውን ፓስቸራይዝ ማድረግ (በሙቀት ጀርሞቹን መግደል) መጀመሩን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የምነቅፈው አለኝ። ጣፋጭነቱ ከባድ ነው፤ ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ምላስ ይዝላል፣ ከጎኑም ጣፋጭ ምግብ ማቅረብ ጨርሶ አይመከርም። የአልኮል መጠኑ እንደየዓመቱ ምርት ቢለያይም በአብዛኛው ከ14 በመቶ ያላነሰ በመሆኑ ግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ለአንድ ሰው እጅግ ይበዛል፤ በእኔ ግምት ለአራት ሰው የሚሆን ነው። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ አርባ ደቂቃ ይቆይ፣ ብርጭቆው አይቀዝቅዝ፣ የመጀመሪያው ጉንጭም ለፍርድ አይቅረብ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው አዲሱን እመርጥለታለሁ፤ ገዝቶም ከአንድ ዓመት በላይ ባያስቀምጠው ይሻላል እላለሁ።