ለሳቢያኑ የቧንቧ ባለሙያ ምስጋና፤ ግቢያችሁ ውስጥ ፋውንቴን ለምታስቡ

የድሬ ልጆች፣ ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ሳቢያን አካባቢ የሚሠራ የቧንቧ ባለሙያ ነው። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ሥራውን ግን በአደባባይ እናገራለሁ፤ ይገባዋል።

ግቢያችን ትንሽ ናት፤ ከአንድ የኒም ዛፍ በቀር ይሄ ነው የሚባል ነገር የላትም። ጥጉ ላይ ፋውንቴን ይሠራ ሲባል ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ባለቤቴ የፈለገው ሆቴል በር ላይ እንደምናየው ባለ ሦስት ደረጃ፣ አናቱ ላይ ውሃ ወደ ሰማይ የሚረጭ። እናቴ ደግሞ «ቢንቢ ልታረቡብኝ ነው?» ብላ አልሰማም አለች። እውነቷን ነው። በ2014 ዓ.ም. በበጋ ድሬን ያመሳት ወባ ገና አልተረሳም። ያኔ ጥናት ያጋለጣት ትንኝ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ናት። ይቺ ረግረግ አትፈልግም፤ በየቤቱ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል።

ሰውዬው ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አላሳየንም። መጀመሪያ የጠየቀው ውሃ በስንት ቀኑ እንደሚመጣልን ነው። ቀጥሎ ነፋሱ ከሰዓት ከየት በኩል እንደሚነሳ፣ ሶኬቱ የት እንዳለ፣ ፋውንቴኑን ማታ ነው ቀን የምንከፍተው። ከዚያ ቀና ብሎ ዛፉን አየና ሳቀ። «ይሄ ቅጠል ፓምፕ ይበላል» አለ።

ባለቤቴን ያሳመነበት መንገድ እስካሁን ያስቀኛል። «አቦ፣ ውሃው አንድ ሜትር ወደ ላይ እንዲወጣ ከፈለግክ ገንዳህ ከመሀል እስከ ጠርዝ ቢያንስ አንድ ሜትር ይሁን። አለበለዚያ ነፋሱ ውሃህን ለጎረቤት ያድልልሃል።» ግቢያችን ያንን የሚያክል ገንዳ ከያዘ እኛ መቆሚያ የለንም። ባለ ሦስት ደረጃውም ቢሆን ውሃውን በየሳህኑ ዘርግቶ ለፀሐይ ነው የሚሰጠው። በድሬ ሙቀት፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሁልጊዜ በጀሪካን ሲሞሉ መኖር ነው።

እሱ የመከረን መሀሉ የተበሳ ድንጋይ ነው። ውሃው ከአናቱ ፈልቆ በጎኑ ይወርድና ጠጠር ውስጥ ይሰወራል። ከጠጠሩ ሥር ገንዳ ተቀብሯል፤ በላዩ ጠንካራ ፍርግርግና ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አለው። ፓምፑ ያንኑ ውሃ መልሶ መላልሶ ይገፋዋል። ፀሐይ ገንዳውን ስለማያገኘው አረንጓዴ አይሆንም፣ ቅጠሉም ጠጠር ላይ ይቀራል። እናቴ ዓይኗ እያየ የቆመ ውሃ ስላጣች ዝም አለች። እሱ ግን ለእሷም አላሞካሸም። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ ይሄም የቆመ ውሃ ነው፤ በዚህ ሙቀት ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት ገደማ ይበቃታል፤ ስለዚህ ወንፊቱ እንዳይቀደድ ጠብቁ፣ ገንዳውንም በየጊዜው ባዶ አድርጋችሁ ግድግዳውን ፈትጉ ብሏታል። የደንጌ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ ግድግዳው ላይ የምትለጥፈው እንቁላል ለወራት ደርቆ መቆየት ስለሚችል መድፋት ብቻውን አይበቃም።

ፓምፕ ሲገዛ አብሬው ሄጄ ነበር። ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚገፋ፣ ሌላው ስንት ሜትር ከፍ እንደሚያደርግ። እኔ ሁለቱን አብሬ ነበር የማነበው። ለካ እስከ 2 ሜትር የሚል ፓምፕ 2 ሜትሩ ላይ ሲደርስ የሚወጣው ውሃ ባዶ ነው። ከምትፈልጉት ከፍታ በላይ የሚያደርስ ግዙና በቫልቭ ቀንሱት ነው ምክሩ። የፀሐይ ፓምፕም ጠይቄው ነበር። ባትሪ የሌለው ፀሐይ ሲገባ ይቆማል፤ እኛ ደግሞ ድሬ ስትቀዘቅዝ ነው ግቢ የምንወጣው።

የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፤ ያልገባው ሰው የቤቱን ማንቆርቆሪያ ከፍቶ ይይ። ጥቁር የተወለወለ ድንጋይ ብናደርግ በአጭር ጊዜ ነጭ በነጭ ይሆን ነበር። ለዚህ ነው ሻካራ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ያስመረጠን። ፓምፑን እየፈቱ አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው መፍትሔው። ድንጋዩን ግን አቼቶ አታስነኩት፣ የኖራ ድንጋይ ወይም እብነ በረድ ከሆነ ይበላዋል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ግትር ነው፤ ወድጄለታለሁ። ኤክስቴንሽን በሣር ላይ ጎትቶ መሰካት ብሎ ነገር የለም። የሚያውቀውን ኤሌክትሪሻን አምጥቶ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ አስገጠመ፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ መስመሩን ቶሎ የሚቆርጥ ብሬከርም አስጨመረ። ውሃው ሲጎድል ፓምፑን የሚያጠፋ ፍሎትም አለው። ፓምፕ ያለ ውሃ ከሠራ ይቃጠላል።

የእጅ ዋጋውንና የዕቃውን ለይቶ ጻፈልን። ደረሰኝ አመጣ፣ የተረፈውን መለሰ። ከጨረሰ በኋላም ውሃው ወደ አጥሩ እየተረጨ ሲያስቸግረን መጥቶ ቫልቩን አስተካከለ፤ ሳንቲም አልተቀበለም።

እንከን ካላችሁኝ፣ ከምሳ በኋላ ስልክ አያነሳም። ድሬ ስለሆንን ምክንያቱን አልነግራችሁም። ጠዋት ደውሉለት። ፎቶ ልካችሁ ስንት ነው ብትሉት መልስ አታገኙም፤ ግቢውን ካላየ ዋጋ አይናገርም። ለማየት ሲመጣ አያስከፍልም።