ከብሬግዚት በኋላ ወደ ለንደን ዕቃ ለሚልኩ፦ በባሕር ዳር ስለሚገኝ አንድ የወጪ ንግድ ሰነድ አዘጋጅ ቢሮ

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ጣና ዳር የሚገኘው ይህ አነስተኛ ቢሮ የሽመና ውጤቶችን ወደ ውጭ ለምንልክ ሰዎች ትልቅ ችግር አቃልሎልናል። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ቢሆንም፣ ለውጡ በንግዱ ላይ የተሰማው የቀድሞው የንግድ ደንብ የቀጠለበት የሽግግር ጊዜ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲያበቃ ነው። ቀድሞ አምስተርዳም ላይ የጉምሩክ ሥርዓቱን የጨረሰ ዕቃ ያለ ተጨማሪ መግለጫ ለንደን ይገባ ነበር፤ አሁን ግን የአውሮፓ ኅብረትና የብሪታንያ ጉምሩክ ተለያይተው ድንበሩ ሁለት ሆኗል። ይህን ሳላውቅ በሌላ ወኪል በኩል የላክኋቸው ጋቢዎች መንገድ ላይ ተይዘው፣ ለገና የታዘዙት ከበዓሉ በኋላ ደረሱ።

የዚህ ቢሮ ባለሙያ ግን ሰነዴን ገጽ በገጽ ገልጣ፣ የዕቃውን ዓይነት ለጉምሩክ የሚለየውን የታሪፍ ቁጥር በእርሳስ አክብባ፣ ኢትዮጵያ በሁለቱም ገበያዎች ከቀረጥ ነፃ ዕድል ቢኖራትም የአውሮፓው ሥርዓትና ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የጀመረችው የታዳጊ አገሮች የንግድ መርሐ ግብር ዕቃው የየት አገር ምርት ነው የሚለውን የሚወስን የየራሳቸው የሥሪት አገር ደንብ እንዳላቸው በትዕግሥት አስረዳችኝ። ከቀረጥ ነፃ ማለት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ማለት አለመሆኑን፣ ገዢዬም በብሪታንያ 20 በመቶ ሊጠየቅ እንደሚችል አስቀድማ የነገረችኝ እርሷ ናት፤ ይህንን ሌላ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ክፍያው ተመጣጣኝ ነው። ባለሙያዋ አንድ ብቻ በመሆኗ ግን ሰኞ ጠዋት ወረፋው ይበዛል፤ እኔ ከሰዓት በኋላ መሄድን እመርጣለሁ።