ያገለገለ የተፈጥሮ ጋዝ ሲቪክ ለመግዛት ለምታስቡ

ሆንዳ በተፈጥሮ ጋዝ ብቻ የሚሠራውን ሲቪክ እ.ኤ.አ. በ1998 ለአሜሪካ ገበያ አቅርቦ በ2015 ሽያጩን አቁሟል። ስለዚህ ዛሬ ይህን መኪና የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ያገለገለውን ብቻ ነው። እዚህ ሎስ አንጀለስ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከቤንዚኑ ሲቪክ ቀነስ ስለሚል፣ በታክሲና ዕቃ በማድረስ ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ይገዛ ወይስ አይገዛ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ የምነዳው ከ2012 ጀምሮ የወጣውን የመጨረሻውን ትውልድ ነው። መኪናውን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን በየቀኑ በሚመላለስበት መንገድ ላይ የጋዝ ማደያ ለሌለው ሰው እንዲገዛው አልመክርም።

ሞተሩ ባለ 1.8 ሊትር ሲሆን ጉልበቱ 110 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ተመሳሳዩ የቤንዚን ሲቪክ 140 አለው። ልዩነቱ በከተማ ውስጥ እምብዛም አይታወቅም። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን በሚወስደው ፍሪዌይ የግሬፕቫይንን ዳገት አራት ሰው ጭኖ ለሚወጣ ሰው ግን በግልጽ ይታወቀዋል፤ ነዳጁን እስከ ታች ረግጠው እንኳ የጭነት መኪናን ለመቅደም አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል። የተፈጥሮ ጋዝ ከቤንዚን የላቀ ኦክቴን (ሲታመቅ ያለጊዜው ያለመቀጣጠል አቅም) ስላለው ፋብሪካው ሞተሩን ከፍ ባለ የእመቃ መጠን ሠርቶታል፤ በኋላ ጋዝ ከተገጠመላቸው የቤንዚን መኪኖች የሚለየውም አንዱ ይኸው ነው። ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ይሠራል፣ ጠዋት ሲነሳ አያጉረመርምም፣ ዘይቱም በሚቀየርበት ጊዜ ከቤንዚን ሞተር ዘይት ይልቅ ነጣ ብሎ ይወጣል፤ ጋዙ ሲቃጠል ጥላሸት የሚተወው በጣም ጥቂት ነውና።

የዕቃ መጫኛው ነገር ግን ሊታሰብበት ይገባል። የጋዙ ሲሊንደር ከኋላ ወንበር ጀርባ አግድም ስለተቀመጠ ቦታው ከቤንዚኑ ሲቪክ ወደ ግማሽ ወርዷል። ወደ አዲስ አበባ የሚበር አንድ መንገደኛ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ሲመጣ አንዱ ከኋላ ይገባል፣ ሌላው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ከሆኑ ግን ሌላ መኪና መጥራት ግድ ይላል። ዋና ሥራው አየር ማረፊያ የሆነ ሰው ይህን አይቶ ይወስን።

ወደ ማደያው እንምጣ። ጋዙ የሚሞላው በ3,600 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት ነው፤ ይህም የመኪና ጎማ ከሚይዘው አየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። አፈሙዙን በመኪናው መቀበያ ላይ ገጥመው እጀታውን ሲያዞሩት ቀጭን የፉጨት ድምፅ ይሰማል፣ ቱቦው ይገተራል፣ ቁጥሩም መቁጠር ይጀምራል። አንዳንድ ማደያዎች ለጀማሪ አጭር የማሠልጠኛ ቪዲዮ ሳያሳዩ አያስቀዱም፤ ደግ አሠራር ነው። ሽያጩ የሚለካው ከአንድ ጋሎን ቤንዚን ጋር በሚመጣጠን ኃይል ሲሆን፣ የሲቪክ ሲሊንደር በሙሉ ግፊት ስምንት ጋሎን ያህል ይይዛል። በመንግሥት መለኪያ አማካይ ፍጆታው በጋሎን 31 ማይል ስለሆነ በወረቀት ወደ 250 ማይል ያስኬዳል፤ በተግባር ግን 200 ማይል አካባቢ ሲደርሱ ማደያ መፈለግ ይሻላል።

ልዩነቱ የሚመጣው ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ስለማይሞላ ነው። ጋዝ በፍጥነት ሲታመቅ ይሞቃል፣ የሞቀ ጋዝ ደግሞ ቦታ ይሻማል፤ ማሽኑ ሞላ ብሎ ካቆመ በኋላ ጋዙ ሲበርድ የመለኪያው ቀስት ወደ ታች ይወርዳል። በነሐሴ ሙቀት ይህ በጣም ይታያል። ከዚህም በላይ ማደያዎቹ በአብዛኛው የተሠሩት ለቆሻሻ መኪኖችና ለአውቶቡሶች ስለሆነ፣ አንድ ትልቅ መኪና ቀድቶ እንደወጣ የማጠራቀሚያው ግፊት ይወርድና ትንሿ መኪና ከግማሽ እምብዛም ሳታልፍ ትቆማለች። በምሠራበት አካባቢ አንድ ማደያ መጭመቂያው ተበላሽቶ ያለ አንዳች ማስታወቂያ ተዘግቶ ጠብቆኛል፤ የሚቀጥለው ማደያ በሌላ የከተማዋ ጫፍ ነበር። ቤንዚን ያለቀበት ሰው በጀሪካን ሊያስመጣ ይችላል፣ ጋዝ ያለቀበት ግን መኪናውን ከማስጎተት ሌላ አማራጭ የለውም።

ስለ አደጋው ብዙ ስለምጠየቅ ይህንንም ላስረዳ። በአገራችን ማዕድ ቤት የምናውቀው ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፣ ክብሪትም ይጠብቃል። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ስለሆነና ሚቴን ከአየር ስለሚቀል፣ ሜዳ ላይ ቢያፈተልክ ወደ ላይ ወጥቶ ይበተናል፤ የሚቀጣጠለውም ከአየር ጋር ያለው ድርሻ ከ5 እስከ 15 በመቶ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ጣሪያ ሥር ሊጠራቀም ይችላልና ሽታው ከተሰማ መብራት ሳያበሩ በር መክፈት ያስፈልጋል። ዋናው ጥንቃቄ የሲሊንደሩ ነው። በየሦስት ዓመቱ ወይም በየ36,000 ማይሉ፣ እንዲሁም ከማንኛውም ግጭት በኋላ፣ የተፈቀደለት ባለሙያ ሊመረምረው ይገባል። በሲሊንደሩ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ የአገልግሎት ማብቂያው ወርና ዓመት ታትሟል፤ ያ ቀን ካለፈ መኪናው ቢነሳም ቢሄድም ጋዝ ሊቀዳለት አይገባም። አዲስ ሲሊንደር ማስገባት ለእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ከዋጋው ጋር የማይመጣጠን ወጪ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የኋላውን ሽፋን አስከፍታችሁ ያንን ጽሑፍ በዓይናችሁ አንብቡ፤ ሻጩ በቃል የሚነግራችሁ አይበቃም።

በወጪ በኩል ጋዙ ለብዙ ዓመታት ከቤንዚን በግልጽ ይረክስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የካሊፎርኒያ የጋዝ ዋጋ ሲንር ግን ያ ብልጫ ጠፍቶ ነበር፤ ስለዚህ ለቁጠባ ብሎ የሚገዛ ሰው በአቅራቢያው ያለውን ማደያ የዛሬ ዋጋ ይመልከት። ብቻውን የሚነዳ ሰው ከአንድ ሰው በላይ ለጫኑ መኪኖች በተለየው የካርፑል መስመር እንዲሄድ ያስችል የነበረው ነጭ ተለጣፊም ለቀደሙት ባለቤቶች በ2019 መግቢያ ላይ አብቅቷል። የአየር ብክለቱ ከቤንዚን ያነሰ ነው፣ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ሳይቃጠል የሚያፈተልክ ሚቴን ግን ከባቢ አየርን እጅግ አብልጦ ስለሚያሞቅ ጥቅሙ የሚጸናው ቧንቧውና ማደያው ካላፈተለኩ ብቻ ነው። በካሊፎርኒያ ለተሽከርካሪ የሚሸጠው አብዛኛው ጋዝ ከከብት እበትና ከቆሻሻ መጣያ የሚሰበሰብ መሆኑ በበኩሌ ደስ ያሰኘኛል።

በኢትዮጵያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የሚገኘው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያው ምዕራፍ ከተመረቀ ወዲህ፣ ይህን ሲቪክ የመሰለ መኪና ለአዲስ አበባ ይሆን እንደሆነ የሚጠይቁኝ ዘመዶች በዝተዋል። ለግል መኪና አይሆንም እላለሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በባሕር ጠለል አካባቢ እንኳ ዳገት የሚከብደው ሞተር እንጦጦን ሲወጣ ይበልጥ ይደክማል፤ በየሰፈሩ ለትናንሽ መኪኖች መጭመቂያ መትከልም ከፍተኛ ወጪ ነው። ጋዙ የሚበጀው ማታ ማታ ወደ አንድ ግቢ ለሚገቡ የከተማ አውቶቡሶች ነው። እነዚህ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ስለሚቀዱ ጋዙ ሳይሞቅ ሲሊንደሩ እስከ አፉ ይሞላል፣ የመጭመቂያው ማሽንም አነስተኛ ሊሆን ይችላል። በረጅም መንገድ ለሚመላለሱ የጭነት መኪኖች ደግሞ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነው ጋዝ ብዙ ኃይል በትንሽ ቦታ ስለሚይዝ የበለጠ ይስማማል። ይሁንና ከሁሉ በፊት ሲሊንደር መርምሮ የሚያልፍበትን ቀን የሚመዘግብ፣ ያለፈበትንም ከመንገድ የሚያስወጣ ባለሙያና ሥልጣን ያለው ተቆጣጣሪ ሊኖር ይገባል።