የባሕር ዳርቻ ርዕደ መሬትና የሱናሚ መጻሕፍት፦ ለሰሜን ሸዋ አንባቢ የትኛው ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሱናሚ አይደርስባትም። መሬቱ ግን ይናወጣል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው፣ መጠኑ 6.5 ገደማ የነበረው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከዶፈን አካባቢ የተነሣው ተከታታይ መንቀጥቀጥም የካቲት 7 ቀን 6.0 ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ርዕደ መሬት ማንበብ የፈለገ ሰው ገበያ ላይ የሚያገኘው በብዛት የባሕር ዳርቻ መጽሐፍ ነው። ጃፓን፣ ቺሊ፣ ሲሪላንካ፣ ሃዋይ። ታላላቆቹ ርዕደ መሬቶች የሚደርሱት እዚያ ስለሆነ ጸሐፊዎቹም የሚሄዱት ወደዚያው ነው።

እነዚህ መጻሕፍት ለእኛ ይጠቅማሉ? ይጠቅማሉ፣ ግን እኩል አይደሉም። አንዳንዱ የሚያስተምረው እዚህም ይሠራል፤ አንዳንዱን እንዳለ ወደ ጣርማበር ገደል ካመጡት ጉዳት አለው። ከዚህ በታች ያወዳደርናቸው ስድስት የሱናሚ መጻሕፍትና አንድ የአገራችን መጽሐፍ ናቸው። ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ልዩነት በደንብ ይያዙ። በጃፓንና በቺሊ ዳርቻ አንዱ የምድር ንጣፍ ከሌላው ሥር እየገባ ነው። የላይኛው ንጣፍ ለዘመናት ተይዞ ወደ ታች ሲታጠፍ ይኖርና ድንገት ሲለቅ ሽቅብ ይስፈነጠራል፤ በላዩ ያለውን ውኃ ሁሉ ያነሣዋል። ሱናሚ ማለት ይኸው ነው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን ምድሩ እየተለያየ ነው። ቅርፊቱ ቀጭንና ትኩስ ስለሆነ የሚሰነጠቀው ክፍል ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ መጠኑ 9 የሚደርስ ርዕደ መሬት እዚህ አይጠበቅም። በመለኪያው ላይ አንድ ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ 32 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ከ6.0 እስከ 9.0 ያለው ልዩነት ከ30,000 እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። በጃፓን የሆነውን አንብቦ «ይህ ነገ ይመጣብናል» ብሎ የሚሸበር ሰው ይህን ሒሳብ አላየም። የኛ አደጋ ሌላ ነው፦ መጠኑ መካከለኛ፣ ጥልቀቱ ቅርብ፣ ከላይ ደግሞ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ከባድ ግድግዳ።

በነፃ ከሚገኙት እንጀምር

«ሰርቫይቪንግ ኤ ሱናሚ» የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመው 18 ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ናት። ፒዲኤፉ ከተቋሙ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ይወርዳል። መነሻው እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1960 ቺሊ የደረሰው፣ እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ፣ 9.5 የተለካው ርዕደ መሬት ነው። ማዕበሉ በ15 ሰዓት ገደማ ሃዋይ፣ በ22 ሰዓት ገደማ ጃፓን ደርሷል። መጽሐፏ ከሦስቱም አገር የተረፉ ሰዎችን ቃል ታመጣና ከእያንዳንዱ አንድ ትምህርት ታወጣለች፦ ተፈጥሮ የሰጠችህን ምልክት እመን፣ ብዙ ማዕበል ጠብቅ፣ ንብረትህን ተው፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጣና እዚያው ቆይ። በሃዋይዋ ሂሎ ከተማ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ጮኾ ሳለ 61 ሰው ሞቷል፤ ብዙዎቹ ድምፁን ሰምተው እቤታቸው የቆዩ ነበሩ። ለክፍል ትምህርት ከዚህች የሚበልጥ የለም።

በሁለቱም ገጽ ቢታተም 9 ወረቀት ይሆናል። 50 ተማሪ ላለው ክፍል አንድ ቅጂ ለአምስት ተማሪ ቢደርስ 10 ቅጂ፣ 90 ወረቀት ይበቃል። በጥቁርና ነጭ ቢታተምም ብዙ አይጎድልበትም፤ ጉልበቱ በታሪኮቹ ላይ ነውና።

መምህሩ ግን ሁለት ነገር ማረም አለበት። «ከፍ ወዳለ ቦታ ውጣ» የሚለው ለባሕር ዳር ሰው እንጂ ለአንኮበርና ለደብረ ሲና ልጅ አይደለም። እዚህ ምድር ሲናወጥ ቋጥኝ የሚንከባለለው፣ አፈር የሚናደው ከገደሉና ከተዳፋቱ ነው፤ ተማሪው ከዳገት ግርጌና ከገደል አፋፍ መራቅ እንጂ ወደዚያ መሮጥ የለበትም። ሁለተኛው «ብዙ ማዕበል ጠብቅ» የሚለው ነው። ይህ በኛ ቋንቋ «ተከታይ ንቅናቄ ጠብቅ» ይሆናል፤ የካራ ቆሬው ለወራት ቆይቶ ነበር። ለብርድ ልብስና ለገንዘብ ብሎ ወደተሰነጠቀ ቤት የሚመለስ ሰው፣ ውኃው ሸሸ ብሎ ወደ ዳርቻ ከሚመለሰው ጋር አንድ ስሕተት ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው የነፃ መጽሐፍ «ዘ ኦርፋን ሱናሚ ኦፍ 1700» ነው፤ የ1700ው ወላጅ አልባ ሱናሚ ማለት ነው። ብራያን አትዋተር ከጃፓንና ከአሜሪካ ባልደረቦቹ ጋር አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ፤ ሁለተኛው እትም 2015 ነው። ሁለተኛውን ያውርዱ። ከሁሉም የምንወደው ይህን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃፓኖች ጄንሮኩ በሚሉት ዘመን በ12ኛው ዓመት፣ በ12ኛው ወር፣ የጃፓን ዳርቻ መንደሮች ላይ ውኃ ወጣ። መሬት ግን አልተናወጠም። የመንደር ሹሞችና ነጋዴዎች መዝግበው አለፉ፤ ማዕበሉ እናቱ የማይታወቅ ሆኖ 300 ዓመት ቀረ። ከዚያ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ጨው ውኃ ገብቶበት ቆሞ የደረቀ የዝግባ ዛፍ፣ ከአሸዋ ሥር የተቀበረ የረግረግ አፈር ተገኘ። የዛፎቹ የዕድሜ ቀለበት ሲቆጠር የሞቱት ከ1699 ነሐሴ እስከ 1700 ግንቦት ባለው ጊዜ ሆነ፤ ወሮቹም ዓመቶቹም የፈረንጅ ናቸው። ሁለቱ ማስረጃዎች ሲጋጠሙ ርዕደ መሬቱ ጥር 26 ቀን 1700 ምሽት ላይ፣ መጠኑም 9 ገደማ እንደነበር ተደረሰበት።

የጃፓኑን የጨረቃ አቆጣጠር ወደ አውሮፓው የመለሱበትን ገጾች መስከረምን ከሴፕቴምበር ጋር ሲያዛምድ ያደገ አንባቢ በቀላሉ ይከተላቸዋል። በብራና ኅዳግ ላይ «በዚህ ዓመት ምድር ተናወጠች» የሚል ማስታወሻ ያየ ሰውም ያ መስመር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እዚህ ይማራል። ለታሪክና ለጂኦሎጂ ተማሪ፣ ለገዳማት መጻሕፍት ጠባቂ ጭምር የሚሆን ነው።

ችግሩ አወራረዱና አነባበቡ ላይ ነው። ገጾቹ ሰፋፊ፣ በካርታና በጃፓንኛ ጽሑፍ ምስል የተሞሉ ስለሆኑ በስልክ ሲከፈቱ ጽሑፉ ይደቅቃል፤ በኮምፒውተር ወይም በታብሌት ያንብቡት። ፋይሉም ከባድ ነው፤ በሞባይል ዳታ ከመጀመር ዋይፋይ ካለበት ቢያወርዱ ይሻላል። ሙሉውን በጥቁርና ነጭ ማሳተም ገንዘብ ማባከን ነው። የካርታዎቹ ቀለም ከጠፋ የውኃውና የየብሱ ድንበር አይለይም። የሚያስፈልጉትን ጥቂት ገጾች ብቻ በቀለም ያሳትሙ።

ገንዘብ ከሚወጣባቸው

አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው «ጎስትስ ኦፍ ዘ ሱናሚ»ን ይግዛ። የሪቻርድ ሎይድ ፓሪ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. 2017። የሚናገረው ስለ ጃፓኑ የመጋቢት 11 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) ርዕደ መሬትና ሱናሚ ነው፤ ከዚያም ውስጥ በተለይ ስለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ስለ ኦካዋ አንደኛ ደረጃ። ምድር የተናወጠው በእነርሱ ሰዓት ከቀኑ 8፡46 ላይ ነው። ሕንጻው ንቅናቄውን ችሎ ቆመ፤ ተማሪዎቹም ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ውኃው የደረሰው 9፡37 ላይ ነው። በመካከል 51 ደቂቃ ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ደግሞ ልጆች የሚወጡት ኮረብታ። መምህራኑ ሲመካከሩ ቆይተው ልጆቹን የመሩት ወደ ወንዙ ድልድይ አቅጣጫ ነበር። 74 ልጆችና 10 መምህራን ሞቱ።

ይህን መጽሐፍ ከሌሎቹ የምናስቀድመው ስለ ባሕር ስለሚናገር አይደለም። የአደጋ ጊዜ መመሪያው በወረቀት ላይ እያለ «የት እንሂድ» ለሚለው ስም ያለው ቦታ አለመጻፉ ምን እንደሚያስከትል ስለሚያሳይ ነው። ይህ ጉድለት ሸዋ ሮቢትም ሆነ መሐል ሜዳ ባለ ትምህርት ቤት ሊኖር ይችላል። ርእሰ መምህርና የወላጅ መምህር ኅብረት አብረው ቢያነቡትና «ልጆቹ ተሰልፈው የሚቆሙት የት ነው? ከየትኛው ግድግዳ ስንት ሜትር ርቀው? እኔ ከሌለሁ ማን ይወስናል?» ብለው ቢጽፉ ዋጋውን መልሷል። አንድ ነገር ይወቁ፦ የወላጆቹ ክስ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸናው እ.ኤ.አ. በ2019 ስለሆነ መጨረሻውን መጽሐፉ ውስጥ አያገኙትም። እንግሊዝኛው ጥሩ ጋዜጠኛ የጻፈው ነው፤ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ሰው መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ ይዘልቀዋል። ሳይንስ ግን ጥቂት ብቻ አለው።

«ዌቭ» የሶናሊ ዴራኒያጋላ ነው። ሲሪላንካ ላይ በታኅሣሥ 26 ቀን 2004ቱ (እ.ኤ.አ.) ሱናሚ ባሏን፣ ሁለት ወንድ ልጆቿንና ወላጆቿን ያጣች እናት የጻፈችው ነው። ካርታ የለው፣ ማብራሪያ የለው፤ ሐዘን ብቻ ነው፣ ያውም ራቁቱን። በቅርብ ቤተሰቡን ለቀበረ ሰው ይዘቱን ሳይነግሩ አይስጡት። ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አንመርጠውም።

በቀላል እንግሊዝኛ ታሪክንም ሳይንስንም አጣምሮ ለሚፈልግ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ የዋልተር ደድሊና የሚን ሊ «ሱናሚ!» ተስማሚ ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ያወጣው ሲሆን ልቡ የ1946ቱ የሚያዝያ 1 ቀን (እ.ኤ.አ.) ማዕበል ነው፤ ሃዋይ ላይ 159 ሰው የገደለው፣ ለፓስፊክ የማስጠንቀቂያ ማዕከል መቋቋም ምክንያት የሆነው። ሁለተኛው እትም 1998 ስለሆነ 2004ም 2011ም የሉበትም። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት በርካሽ ካገኙት ይውሰዱት፤ በአዲስ ዋጋ ግን ያስቡበት።

የኤድዋርድ ብራያንት «ሱናሚ፦ ዘ አንደርሬትድ ሃዛርድ» የዩኒቨርሲቲ መማሪያ ነው፤ ቀመር ይበዛዋል። ሦስት እትም አለው፤ እ.ኤ.አ. 2001፣ 2008ና 2014። ከ2011ዱ የጃፓን ሱናሚ በኋላ የወጣው ሦስተኛው ብቻ ነውና ሻጩ «ያው ነው» ቢልዎ አይቀበሉ፤ ከሽፋኑ ጀርባ ያለውን ዓመት ይመልከቱ። ደራሲው በአውስትራሊያ ዳርቻ እጅግ ግዙፍ ሱናሚዎች ነበሩ የሚለው አሳብ ሌሎች ተመራማሪዎች የሚከራከሩበት ስለሆነ ያንን ክፍል እንደ ተረጋገጠ ነገር አያስተምሩት።

የመማሪያ መጽሐፍን ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ስለ ማዕበል ፍጥነት የሚናገረውን ገጽ ይክፈቱ። የውኃውን ጥልቀት በሜትር በ9.8 ያባዙ፣ ካሬ ሥሩን ያውጡ፣ በ3.6 ያባዙ፤ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ያገኛሉ። 4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ 700 ይሻገራል፤ 10 ሜትር ላይ 36 ገደማ ነው። ማዕበሉ ዳርቻ ሲደርስ ፍጥነቱን ጥሎ ቁመት እንደሚጨምር ያልገለጸ፣ ወይም ሱናሚን ከጨረቃ ስበት ከሚመጣው የባሕር ሙላት ጋር የሚያምታታ መጽሐፍ ከሆነ ይተውት። ርዕደ መሬቱ የለቀቀውን ጉልበት የሚለካውን መጠንና በየቦታው የተሰማውን ብርታት ለይቶ የማያስረዳም እንዲሁ ነው። በነገራችን ላይ ዜናው «በሬክተር ስኬል» ቢልም እነዚህ መጻሕፍት ለታላላቆቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ ሌላ ነው፤ ቁጥሮቹን ሲያነጻጽሩ አይደናገጡ።

ከጎኑ የሚቀመጠው የአገር መጽሐፍ

ከላይ ካሉት የትኛውንም ቢመርጡ የፒየር ጉዌንን «ኧርዝኩዌክ ሂስትሪ ኦፍ ኢትዮጵያ ኤንድ ዘ ሆርን ኦፍ አፍሪካ» አብረው ይያዙ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኦታዋ ላይ የታተመ ነው፤ አሳታሚው የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል በዲጂታል ቤተ መጻሕፍቱ በነፃ አስቀምጦታል። ጉዌን የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረተ ሰው ነው። ዜና መዋዕሉን፣ የመንገደኞችን ማስታወሻና የመሣሪያ ምዝገባን አጣምሮ ጽፏል፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ የደረሰው ጥፋትም፣ የካራ ቆሬውም እዚያ አለ። ለንባብ የሚጥም አይደለም፤ እየገለጡ የሚፈልጉበት ነው። የቦታ ስሞቹ በላቲን ፊደል በተለያየ አጻጻፍ ስለሚመጡ «ካራ ቆሬ»ን ወይም «ማጀቴ»ን ሲፈልጉ ሁለት ሦስት ዓይነት ፊደል ይሞክሩ። ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፦ ግንቦት 24 ቀን 1953ን የሚፈልግ ሰው ሰኔ 1 ቀን 1961 በሚለው ሥር ያገኘዋል። መጽሐፉ ከታተመ ወዲህ ያለውን፣ የ2017 ዓ.ም.ኑንም ጨምሮ፣ እዚህ አይፈልጉ፤ ለእሱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጂኦፊዚክስ ተቋም ይጠይቁ።