ከስፖንጅ ሽፋኑ በፊት ረጅሙን ዘንግ፦ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ስለሚገኙ የኮርቻና የመሪ ዕቃዎች

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከጊዮርጊስ ተነስቶ ዓባይ ድልድይ የሚደርስ ሳይክለኛ ፔዳል ላይ ቆሞ የሚገፋው ዳገት አያገኝም፤ መንገዱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ነው የሚዘልቀው። መቀመጫው ቶሎ የሚያማርረውም ለዚህ ነው። ገበያ ውስጥ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ለስላሳ የኮርቻ ሽፋን ነው፣ ሻጩም አውጥቶ ይሰጠዋል። ያ ገንዘብ መጀመሪያ መዋል ያለበት ረጅም የኮርቻ ዘንግና ጥሩ የኮርቻ መያዣ ላይ ነው።

ስለ ሽፋኑ ባጭሩ፦ ስፖንጁ የመጀመሪያውን ሳምንት ይመቻል። ከዚያ መሃሉ ይተኛል፣ ሐምሌ ላይ አንዴ ዝናብ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ ማሰሪያው ሲላላ ደግሞ ከጭን ጋር ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። ጄል ያለበት ቅርጹን ይጠብቃል፣ እድሜም አለው። ሁለቱም ላይ ያለው ችግር ግን አንድ ነው፤ በጣም ለስላሳ ሲሆኑ የመቀመጫ አጥንት ይሰምጥና ክብደቱ መሃል ላይ ያለው ስስ ሥጋ ላይ ያርፋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚመጣው መደንዘዝ ከዚህ ነው። ጠንከር ያለና ለመቀመጫ አጥንት የሚበቃ ስፋት ያለው ኮርቻ ለረጅም መንገድ ይሻላል።

አሁን ወደ ዘንጉ። ርካሽ ሳይክሎች ብዙውን ጊዜ አጭር ዘንግ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ቁመተ ረጅም ሰው እስከ መጨረሻው ቢስበውም አይበቃውም። 35 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ጠይቁ። ከርዝመቱ በላይ ግን ውፍረቱ ነው ጣጣው። የዘንግ ውፍረት በ0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው የሚሠራው፤ 25.4 አለ፣ 27.2 አለ፣ በመካከላቸውም ብዙ አለ። በዓይን ተገምቶ የተሸጠ ዘንግ ወይ ይቀጥንና እየነዳችሁ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ወይ ይወፍርና በመዶሻ ይገባል። በመዶሻ የገባ ዘንግ የቴላዮውን (ዘንጉ የሚገባበትን የሳይክሉን አካል) አፍ ይሰነጥቃል፤ አትፍቀዱ። አሮጌውን ዘንግ ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ታችኛው ጫፍ ላይ ተመትቶበታል። ከሌለ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያለው ሱቅ ፈልጉ። ሳይለካ የሚሸጥ ሱቅ ዕቃው ጥሩ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ዘንጉ በጥቂቱ ብቻ ከቀጠነ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ያድነዋል። የጣሳው ቆርቆሮ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ዙር ሲጠቀለል ውፍረቱን 0.2 ይጨምራል። ስፋቱን 5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጫፎቹ ሳይደራረቡ እንዲገናኙ አስተካክሉ፣ ከላይ ትንሽ ከንፈር አጥፉለት፤ አለዚያ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ከሁለት ዙር በላይ የሚፈልግ ዘንግ ግን ልኩ ስላልሆነ ይመለስ። ከማስገባታችሁ በፊት ግሪስ ቀቡት፣ በተለይ ዘንጉ አሉሚኒየም፣ ቴላዮው ብረት ከሆነ። እርጥበት ከገባ ሁለቱ ይያያዛሉ፤ ዓመት ከቆየ በኋላ መንቀል ፈተና ነው። ዘንጉ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ መስመርም ከቴላዮው ውጭ መታየት የለበትም።

ቁመቱን ለመለካት ባዶ እግራችሁን ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግራችሁ መሃል እስከ ላይ ያዙ፣ ከወለል እስከ መጽሐፉ ጫፍ ለኩ። በ0.883 አባዙት። 83 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 73.3 ይመጣል፤ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል ላይ ተነስቶ በዘንጉ አቅጣጫ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ማለት ነው። ሜትር ከሌለ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ወደ ታች አውርዱት፤ ጉልበት ቀጥ ካለ ልክ ነው። ስትነዱ የእግር ፊት ስለሚረግጥ ጉልበቱ በመጠኑ ይታጠፋል። በባጃጅ መሃል ቶሎ ቶሎ እግር ለሚያወርድ ሰው 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ክፋት የለውም። ጉልበት ከፊት በኩል ካመመ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ካመመ ወይም ዳሌ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ከፍ ብሏል። ስታስተካክሉ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አትለፉ።

የኮርቻ መያዣዋ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ብዙ ጥፋት ግን ከእሷ ነው። በግራና በቀኝ ጥርስ ያላቸው ሁለት ክብ ሰሌዳዎች አሏት፤ በመሃላቸው ብሎን ያልፋል፣ ዳዶው በ13 ወይም በ14 ቁልፍ ይጠብቃል። ብዙ ቦታ አንዱን ዳዶ ብቻ አጥብቀው ይሰዳሉ። ያኔ ጥርሶቹ በአንድ በኩል ብቻ ይነካከሳሉ፣ ኮብልስቶን ላይ ሁለት ቀን ሲነዳ የኮርቻው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል ወይም ይደፋል። የተበላ ጥርስ ደግሞ ምንም ቢጠብቅ አይይዝም፤ መያዣዋን መቀየር ነው። ስትገዙ ጥርሱን በጥፍር ዳስሱት፦ ሹልና እኩል ይሁን። ስታጠብቁ ሁለቱን ዳዶ በየተራ ሩብ ሩብ ዙር፣ ኮርቻውንም በውሃ ልክ አስተካክሉት። አፍንጫው ከተደፋ ክብደቱ እጅ ላይ ይወድቅና ትንሿና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። ሌላም አለ፦ መያዣዋ ተገልብጣ ከዘንጉ ፊት ከታሰረች ኮርቻው ወደ መሪው ይጠጋል። አጭር ሰው ካልሆነ በቀር ብሎኑ ከዘንጉ ኋላ ይሁን።

መሪው ዝቅ ብሎ ወገብ የሚያስጎነብስ ከሆነ ደግሞ ቀጭን አንገት (መሪውን የሚይዘው ዕቃ) ባላቸው አሮጌ ሳይክሎች ከላይ ያለውን ብሎን ሁለት ሦስት ዙር አላልቁ፣ እንጨት ደርባችሁ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ውስጥ ያለው ሽብልቅ ይለቅቃል፣ አንገቱም ይነሳል። እዚህም የመጨረሻውን መስመር አትለፉ። ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ካነሳችሁ የፊት ፍሬን ሽቦ ሊሳብ ይችላል፤ መሪውን እስከ ዳር አዙራችሁ ፍሬኑ ራሱን አለመያዙን እዩ። በአዲሶቹ ሳይክሎች አንገቱ ቱቦውን ከውጭ አቅፎ ስለሚታሰር እንዲህ አይነሳም፤ ማስረዘሚያ ወይም ወደ ላይ የታጠፈ አንገት ይገዛል።

የእጅ መያዣ ጎማ ሲገባ ዘይትም ግሪስም አይነካው፣ እየዞረ ያስቸግራል። ጥቂት አልኮል በቂ ነው፤ ያስገባዋል፣ ከዚያ ይተናል።

ፔዳል ከገዛችሁ ግራና ቀኙን ለዩ፤ ፊደሉ ጫፉ ላይ ተጽፏል። የግራው ጥርስ ተቃራኒ ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ይህን ሳያስተውሉ በ15 ቁልፍ በኃይል ያጠበቁት ፔዳል የክንዱን (ፔዳሉ የሚታሰርበትን ብረት) ጥርስ በልቶ ክንዱን ራሱን ያስቀይራል። መጀመሪያ በእጅ ብቻ አራት አምስት ዙር ያለ ትግል መግባት አለበት።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ ዘንጉ ከቴላዮው በሚወጣበት ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። በ2016 ወደተመረቀው 380 ሜትር ወደሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ደርሳችሁ፣ ስትመለሱ ኮብልስቶን ባለበት ሰፈር አልፋችሁ እዩት። ፕላስተሩ ከቴላዮው አፍ በታች ከገባ ዘንጉ እየወረደ ነው፤ ውፍረቱ ልክ ስላልሆነ በዚያው ቀን ወደ ሱቁ ይመለስ።